ቦምቡን የሠሩት ሰዎች ወዴት ይሂዱ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ኒውክሌር ጦር መሣሪያ ነው። ይህ ርዕስ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ሚሳኤሉ፣ ስለ ፍንዳታውና መሪዎች ስለሚለዋወጡት ዛቻ ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ሰዎቹ ይሆናል፤ ቦምቡን ስለነደፉት ሳይንቲስቶች፣ ስላመረቱት መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች። ሀገር ሲፈርስ፣ ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ደመወዝ ሲቋረጥ እነዚህ ሰዎች ወዴት ይሄዳሉ? የተማሩትንስ ለማን ይሰጣሉ? ዓለም ይህን ጥያቄ በጭንቀት የጠየቀበት ዘመን ነበር። የተሰጠውም መልስ ዛሬ ድረስ ሊጠና የሚገባው ነው።

ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት፣ በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን እንድታስታውሱልን እንጠይቃለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አንድ ሀገር የኒውክሌር ቦምብ ለመሥራት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ተፈላጊውን ንጥረ ነገር ማግኘት ነው። ከመሬት የሚወጣው ዩራኒየም እንዳለ ለቦምብ አይሆንም። ከውስጡ የሚፈለገው ዩራኒየም 235 የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ እሱም ከመቶው አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ከሞላ ጎደል ዩራኒየም 238 ነው። ሁለቱ በኬሚካዊ ጠባያቸው አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በክብደት፣ እሱም በጥቂቱ ብቻ ነው። ሴንትሪፊዩጅ የሚባለው መሣሪያ ዩራኒየሙን በጋዝ መልክ እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት እያሽከረከረ ከባዱን ወደ ዳር ይገፋል፣ ቀላሉን ወደ መሐል ያስቀራል። ገበሬ በአውድማው ላይ እህሉን በመንሽ ወደ ላይ እየበተነ ገለባውን ከፍሬው በነፋስ እንደሚለየው መሆኑ ነው። ዩራኒየም ሲለይ ግን ጋዙ በሺዎች በሚቆጠሩ መሣሪያዎች ውስጥ ደጋግሞ ማለፍ አለበት። ይህ ሂደት ዩራኒየምን ማበልጸግ ይባላል።

አሁን የዚህን መሣሪያ ታሪክ እንመልከት። ጌርኖት ዚፔ የተባሉ ኦስትሪያዊ ባለሙያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በሶቪየት ጦር ተማረኩ። ከጀርመን ከተወሰዱ ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር በጥቁር ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሱኩሚ ተቀምጠው ለዓመታት በሴንትሪፊዩጅ ላይ ሠሩ። በ1956 ተለቀው ወደ አውሮፓ ሲመለሱ የሥራቸውን ማስታወሻ ይዘው አልወጡም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ወደ አሜሪካ ተጋብዘው፣ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያንኑ መሣሪያ ከጭንቅላታቸው አውጥተው እንደገና ሠሩት።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ይህ ዓይነቱ ሴንትሪፊዩጅ ብሪታንያ፣ ምዕራብ ጀርመንና ኔዘርላንድስ በጋራ ላቋቋሙት ዩሬንኮ ለተባለ ድርጅት መሠረት ሆነ። ከ1972 ጀምሮ ደግሞ የዩሬንኮን ሥራ በንዑስ ተቋራጭነት በሚሠራ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ውስጥ አብዱል ቃዲር ካን የተባሉ ፓኪስታናዊ መሐንዲስ ተቀጠሩ። በ1975 መጨረሻ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ የሴንትሪፊዩጁን ንድፍና መለዋወጫዎቹን የሚያቀርቡትን ኩባንያዎች ያውቁ ነበር። ፓኪስታን የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ባለቤት ሆነች። ካን በዘረጉት ድብቅ የንግድ መረብ በኩልም ቴክኖሎጂው ወደ ኢራን፣ ወደ ሊቢያና ወደ ሰሜን ኮሪያ ተሻገረ። ካን በ2004 በቴሌቪዥን ቀርበው ይህን አመኑ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከሱኩሚ ተነስቶ እስከ ትሪፖሊ በደረሰው በዚህ ረጅም መንገድ ላይ መጀመሪያ የተጓዘው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕውቀት ነው። ጠመንጃ ይሰበሰባል፤ ሚሳኤል ይቆራረጣል፤ ዩራኒየም በጠባቂ ይታጠራል። ዕውቀትን ግን ባለቤቱ በሄደበት ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ 1991 መጨረሻ እንምጣ። ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኒውክሌር ቦምቦች ባለቤት የነበረች ሀገር አሥራ አምስት ሀገራት ሆነች። በዚያች ሀገር ውስጥ ደግሞ በካርታ ላይ የማይታዩ ከተሞች ነበሩ። ከእነዚህ አንዷ ሳሮቭ ናት። ሳሮቭ ቀድሞ ቅዱስ ሱራፊም የተባሉ የኦርቶዶክስ መነኩሴ የኖሩባት የገዳም ከተማ ነበረች። ከ1946 ወዲህ ግን የመጀመሪያው የሶቪየት ኒውክሌር ቦምብ የተነደፈባት ምስጢራዊ ሥፍራ ሆነች። ስሟ ከካርታ ተፍቆ አርዛማስ 16 ተባለች። በኡራል ተራሮች አካባቢ ያለችው እህቷ ቼልያቢንስክ 70 ትባል ነበር፤ የዛሬዋ ስኔዢንስክ። እንዲህ ያሉ አሥር የኒውክሌር ከተሞች ነበሩ። ዙሪያቸውን በሽቦ የታጠሩ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ የማይገባባቸውና የማይወጣባቸው ነበሩ። ነዋሪው ነፃነቱን ቢያጣም በለውጡ የተሻለ ደመወዝ፣ የተሻለ ቤት፣ ያልተጓደለ ገበያና ከሁሉም በላይ ክብር ነበረው። ሀገሬን እጠብቃለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ነበር።

በጥቂት ወራት ውስጥ ይህ ሁሉ ተናደ። የዋጋ ንረት ደመወዙን በላው፤ የመንግሥት ትዕዛዝ ቆመ። በየካቲት 1992 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር ቼልያቢንስክ 70ን ሲጎበኙ፣ ከዓለም ታላላቅ የፊዚክስ ሊቃውንት የሚቆጠሩ ሰዎች የወር ደመወዛቸው 15 ዶላር ገደማ መሆኑን ነገሯቸው። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ኃላፊ የነበሩት ሮበርት ጌትስ ለኮንግረስ ሲያስረዱ፣ በሶቪየት የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ሥራ ከተሳተፉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ቦምብ የመንደፍ ዝርዝር ዕውቀት ያላቸው 2 ሺህ ያህል ናቸው ብለው ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ድብቅ የቦምብ ፕሮግራም ለማፋጠን ጥቂት ሰዎች ይበቃሉ።

ስጋቱ በወሬ ብቻ የቀረ አልነበረም። በ1992 መገባደጃ ወደ ሰሜን ኮሪያ ለመብረር የተዘጋጁ የሩሲያ ሚሳኤል ባለሙያዎች ከነቤተሰባቸው ሞስኮ በሚገኘው የሼረሜትየቮ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው ተመለሱ። ለምን ለመሄድ እንደወሰኑ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ልጆች ያሳደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጭንቀት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ ዓለም ምን አደረገ? ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው በር መዝጋት ነው፤ ፓስፖርት መከልከል፣ ሰዎቹን በሽቦው ውስጥ ማቆየት። ይህ ሶቪየት ኅብረት የኖረችበት መንገድ ሲሆን፣ ጠባቂው ራሱ ደመወዝ ባጣበት ዘመን ግን ብዙ አያስኬድም። ሁለተኛው መንገድ ሰዎቹ እዚያው በቤታቸው፣ በቤተ ሙከራቸው ሆነው ሌላ ሥራ እንዲሠሩ ማድረግ ነው። የተመረጠው ይህ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ የተወሰደው በአሜሪካ ነበር። ሳም ነን እና ሪቻርድ ሉጋር የተባሉ የሁለት ተፎካካሪ ፓርቲ ሴናተሮች ተባብረው ያቀረቡት ሕግ በታኅሣሥ 1991 ጸደቀ። ሕጉ ከመከላከያ በጀት እስከ 400 ሚሊዮን ዶላር ድረስ የቀድሞውን ባላጋራ ቦምቦች ለማስወገድና ለመጠበቅ እንዲውል ፈቀደ። ለባላጋራ ገንዘብ አንሰጥም ያሉ ብዙዎች ነበሩ። የሴናተሮቹ መልስ አጭር ነው፤ ይህ ልገሳ አይደለም፣ ራሳችንን መከላከል ነው የሚል።

ባለሀብቱ ጆርጅ ሶሮስም በ1992 መጨረሻ 100 ሚሊዮን ዶላር መድበው፣ ከ20 ሺህ ለሚበልጡ የቀድሞዋ ሶቪየት ሳይንቲስቶች ለእያንዳንዳቸው 500 ዶላር የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ሰጡ። መስፈርቱ በታወቁ የሳይንስ መጽሔቶች ላይ ጽሑፍ ማሳተም ነበር። ይህ ለንድፈ ሐሳብ ተመራማሪዎች መልካም ነገር ነው። ዕድሜውን በምስጢር ሲሠራ የኖረ የቦምብ ነዳፊ ግን የትኛውን ሥራውን አሳትሞ ያሳይ? ለእሱ የተለየ በር መከፈት ነበረበት።

ያ በር ዓለም አቀፉ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከል ሆነ። የአሜሪካ፣ የሩሲያና የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በየካቲት 1992 ሐሳቡን ይፋ አደረጉ። በኅዳር 1992 አሜሪካ፣ የአውሮፓ ማኅበረሰብ፣ ጃፓንና ሩሲያ ስምምነቱን ፈረሙ። በሞስኮ የነበረው ፓርላማ ሳያጸድቀው በመዘግየቱ ማዕከሉ ሥራ የጀመረው በመጋቢት 1994 ነው። በዩክሬንም ተመሳሳይ ማዕከል በካናዳ፣ በስዊድን፣ በአሜሪካና በራሷ በዩክሬን ስምምነት ኪየቭ ላይ ተቋቋመ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የተመራማሪዎች ቡድን የምርምር ሐሳብ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ሥራው ለሰላም የሚውል፣ የቡድኑም አብዛኛው አባል ቀድሞ በጦር መሣሪያ ሥራ ላይ የነበረ መሆን አለበት። የሀገሩ መንግሥት ይፈቅዳል፤ ገንዘብ የሚሰጡት ሀገራት ሐሳቡን በሳይንሳዊ ጥራቱም በደኅንነቱም ይመዝናሉ። ከዚያ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የሥራ ባልደረባ ይገኝለታል። ሥራው ሲጀመር ክፍያው በቢሮክራሲ እጅ አያልፍም፤ ከግብር ነፃ ሆኖ በቀጥታ በእያንዳንዱ ሳይንቲስት የባንክ ሒሳብ ይገባል። ኦዲተሮችም ቀድሞ ለባዕድ ዝግ የነበረውን ቤተ ሙከራ ገብተው ያያሉ። የወር ገቢው የቤተሰብን ጉሮሮ ይደፍናል። የውጭው ባልደረባ ደግሞ ለዓመታት ተዘግቶበት የኖረውን የዓለም የሳይንስ ማኅበር በር ይከፍትለታል።

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ ምን ሠሩ? ሦስት ምሳሌ እናንሳ።

የመጀመሪያው በጄኔቫ አቅራቢያ ከሚገኘው ከሰርን ቤተ ሙከራ ነው። በሐምሌ 2012 ሳይንቲስቶች ሂግስ ቦዞን የተባለውን እጅግ ሲፈለግ የኖረ ቅንጣት ማግኘታቸውን አበሰሩ። ግኝቱን ካስገኙት ሁለት ግዙፍ መሣሪያዎች አንዱ ሲኤምኤስ ይባላል። በውስጡ ከ75 ሺህ በላይ የእርሳስና የተንግስተን ክሪስታሎች አሉ፤ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ክብደታቸው ግን የብረት ያህል የሆነ። አብዛኞቹ የተመረቱት በሩሲያ ቦጎሮዲትስክ በምትባል ከተማ፣ ቀድሞ ለወታደራዊ ኢንዱስትሪ ይሠራ በነበረ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ማዕከሉም በወጪው ተካፍሏል። ከዚሁ መሣሪያ ክፍሎች አንዱ የተሠራበት ነሐስ ደግሞ ከሩሲያ ባሕር ኃይል አሮጌ የመድፍ ቀለሆች ቀልጦ የተገኘ ነው። ለጦርነት የተቀረጸ ብረት የፍጥረትን ምስጢር ለመመርመር ዋለ።

ሁለተኛው ምሳሌ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫን ደኅንነት ይመለከታል። ቼርኖቢል በ1986 የደረሰባትን አደጋ ታስታውሳላችሁ። ሪአክተር በከፋ ሁኔታ ሲበላሽ ነዳጁ ቀልጦ ከብረቱ ጋር በመዋሐድ እንደ እሳተ ገሞራ ትፍ ሊሆን ይችላል። ይህ ቅላጭ የሪአክተሩን ብረት እንዴት እንደሚበላ፣ በምንስ እንደሚቆም ካልታወቀ አስተማማኝ መከላከያ መሥራት አይቻልም። በሴንት ፒተርስበርግ አቅራቢያ በሶስኖቪ ቦር የሚገኙ፣ ቀድሞ ከባሕር ኃይል ሪአክተሮች ጋር የተያያዘ ሥራ የነበራቸው ተመራማሪዎች በማዕከሉ ድጋፍ ይህንኑ ቅላጭ በቤተ ሙከራ እየሠሩ አጠኑ። ብዙ ሀገራት ሊሞክሩት የማይደፍሩት ሥራ ነው። እነሱ ግን ለዚህ የሚሆን ልምድም መሣሪያም ነበራቸው።

ሦስተኛው ምሳሌ ካዛኪስታን ውስጥ ነው። ሶቪየት ኅብረት በሴሚፓላቲንስክ የሙከራ ሥፍራ ከ1949 ጀምሮ ለአርባ ዓመታት 456 የኒውክሌር ሙከራዎች አድርጋለች። ሥፍራው በነሐሴ 1991 ሲዘጋ ደገለን በተባለው ተራራ ዋሻዎች ውስጥ በሙከራ ያልተበተነ፣ ለቦምብ ሊውል የሚችል ፕሉቶኒየም ቀርቶ ነበር። ምስጢሩን የሚያውቁት ወደ ሩሲያ የተመለሱት ሳይንቲስቶች ናቸው። በዚህ መሐል ችግር ያስጨነቃቸው የአካባቢው ሰዎች የመዳብ ሽቦ ለመልቀም ዋሻዎቹን ይቆፍሩ ጀመር። ሩሲያውያኑ ፕሉቶኒየሙ የት እንዳለ ተናገሩ፤ ካዛኪስታናውያኑ ጉልበታቸውን፣ አሜሪካውያኑ ገንዘባቸውን አወጡ። ከ1996 እስከ 2012 በቆየ ሥራ ዋሻዎቹን በልዩ ኮንክሪት ደፈኗቸው። ሙከራውን ያካሄዱት ሰዎች ባይናገሩ ኖሮ የትኛው ዋሻ መደፈን እንዳለበት ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ይሆን ነበር። ቦምብ መሥራትን የሚያውቅ ሰው ቦምብን በማምከንም ተኪ የለውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ እስካሁን ስለ ገንዘብ ብዙ ተናግረናል። የጉዳዩ ልብ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። በየካቲት 1992 የአሜሪካው የሎስ አላሞስ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ ዳይሬክተር ሲግፍሪድ ሄከር ወደ ሳሮቭ ተጓዙ። የተቀበሏቸው ዩሊ ካሪቶን ነበሩ፤ ከ1946 ጀምሮ የሳሮቭ ቤተ ሙከራ የሳይንስ መሪ ሆነው የቆዩት አዛውንት። አርባ ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ከተማ ለማጥፋት ሲያሰሉ የኖሩ ሰዎች አንድ ገበታ ላይ ተቀመጡ። በቀጣዩ ዓመት የሁለቱ ሀገር ሳይንቲስቶች በከፍተኛ የመግነጢስ መስክ ላይ አብረው ሙከራ አካሄዱ። ሩሲያውያኑ በዚህ ዘርፍ የመጠቀ ዕውቀት ነበራቸውና ጎረቤት እንደረዳው ችግረኛ ሳይሆን እንደ እኩያ ተከበሩ። ሄከር ከዚያ ወዲህ በደርዘን የሚቆጠሩ ጊዜያት ወደ ሩሲያ ተመላልሰዋል።

ክብር መጓደሉ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ አሳዛኝ ታሪክም አለ። የቼልያቢንስክ 70 ቤተ ሙከራ ዳይሬክተር የነበሩት የቭላዲሚር ኔቻይ ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርተው ነበር። ኔቻይ በየቢሮው ቢለምኑ፣ ቢበደሩ አልሆነላቸውም። በጥቅምት 1996 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። እኚህ ሰው የያዙትን ምስጢር ለገበያ ሊያወጡት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። አብዛኞቹ የሙያ ባልደረቦቻቸውም አላደረጉትም። ይህን ዘመን ስናጠና፣ ዓለም የተረፈው በፕሮግራሞቹ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ሰዎች ጨዋነትም ጭምር መሆኑን መመስከር ይገባናል።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ውጤቱ እንዴት ይመዘናል? ያልተፈጸመ ክፉ ነገር አይቆጠርም። ቢሆንም አንዳንድ ማስረጃ አለ። ዲቦራ ቦል እና ቴዎዶር ገርበር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 602 የሩሲያ ፊዚሲስቶችን፣ ኬሚስቶችንና ባዮሎጂስቶችን ጠይቀው ውጤቱን በ2005 አሳተሙ። ከአምስት አንዱ ያህል እንደ ሰሜን ኮሪያ፣ ኢራን፣ ሶሪያ ወይም ኢራቅ ባለ ሀገር ሄዶ ለመሥራት ሊያስብበት እንደሚችል ተናገረ። ከምዕራባውያን የምርምር ድጋፍ ያገኙት ዘንድ ግን ይህ ዝንባሌ ይቀንሳል። ይህ ድጋፉ ሥራውን እንደሠራ የሚጠቁም ነው።

ጉድለቱንም እንናገር። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብና የአሠራር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2007 መጨረሻ የኃይል ሚኒስቴሩ ያካሄደውን ተመሳሳይ ፕሮግራም መርምሮ ነበር። በተመለከታቸው ፕሮጀክቶች ገንዘብ ከተቀበሉት ከግማሽ የሚበልጡት በጦር መሣሪያ ሥራ ልምድ አለን ያላሉ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ገና ወጣት የነበሩም ነበሩባቸው። የቦምብ ከተሞችን ወደ ንግድ ሥራ ለመለወጥ የተሞከረውም ብዙ አልተሳካም። ምርት ያለ ገበያ፣ ከተማ ያለ ነፃ መግቢያ አይሆንም።

ከመረቡ ያመለጠም አለ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በኅዳር 2011 ባወጣው ዘገባ፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን በሀገሩ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ፕሮግራም ያሳለፈ አንድ የውጭ ባለሙያ ከ1996 እስከ 2002 ገደማ ኢራን ውስጥ እንደነበረ ገልጿል። የተነገረለት ሥራ በፍንዳታ ኃይል ደቃቅ አልማዝ ማምረት ነበር። ፈንጂን በልክ አቀጣጥሎ ግፊት መፍጠርን የሚያውቅ ሰው ግን አልማዝም ይሠራበታል፣ የቦምብ እምብርትም ይጨምቅበታል። ኢራን የኒውክሌር መርሃ ግብሯ ለሰላም ብቻ የሚውል ነው ስትል ኖራለች። እኛ ከዚህ የምንማረው፣ አንዱ ዕውቀት ለሁለት ተቃራኒ ዓላማ እንደሚውልና የሚለየውም ሰውየው የሚያውልበት ሥራ መሆኑን ነው።

በጊዜ ሂደት ሩሲያ በነዳጅ ገቢ ተጠናከረች፤ ለሳይንቲስቶቿም ራሷ መክፈል ጀመረች። በ2010 ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከሉ እንደምትወጣ አስታውቃ በ2015 ወጣች። ማዕከሉ መቀመጫውን ወደ ካዛኪስታን ዋና ከተማ አዛወረ። እስከዚያ ድረስ ከ70 ሺህ በላይ ሳይንቲስቶች በፕሮጀክቶቹ መሳተፋቸውን ማዕከሉ ይገልጻል።

የዩክሬንን ነገርም ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። በካርኪቭ የሚገኘው የፊዚክስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1932 በሶቪየት ኅብረት ለመጀመሪያ ጊዜ የአቶምን አስኳል የሰነጠቀ ተቋም ነው። ዩክሬን በ2012 ለቦምብ ሊሆን የሚችለውን የበለጸገ ዩራኒየሟን ከሀገር አስወጣች። በለውጡም አሜሪካ ለሕክምናና ለምርምር የሚውል የኒውትሮን ማመንጫ በዚሁ ተቋም እንዲገነባ ረዳች። በመጋቢት 2022 ይህ ማመንጫ በሩሲያ የመድፍ ድብደባ ተጎዳ። በሰላሳ ዓመት የተገነባ መተማመን በጥቂት ቀናት እንዴት እንደሚፈርስ ይህ ይነግረናል።

(አጭር ሙዚቃ)

አፍሪካችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን ስድስት የኒውክሌር ቦምቦች ሠርታ ነበር። እነሱን ፈታትታ በ1991 የኒውክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት ፈረመች፤ ፕሬዚዳንት ደ ክለርክም በ1993 ለዓለም ገለጹ። የራሷን ቦምብ ሠርታ በገዛ ፈቃዷ ሙሉ በሙሉ የጣለች ብቸኛ ሀገር ናት። የኒውክሌር ተቋሟ መቀመጫ ፔሊንዳባ ዛሬ ሞሊብዲነም 99 በማምረት በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። ከዚህ ንጥረ ነገር የሚገኘው ቴክኒሺየም በየሀገሩ የልብ፣ የአጥንትና የካንሰር ሕሙማንን ለመመርመር በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች ጊዜ ጥቅም ላይ ይውላል። አፍሪካን ከኒውክሌር ጦር መሣሪያ ነፃ ያደረገው ውልም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከፔሊንዳባ ነው።

ሀገራችን ኢትዮጵያም ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ1957 ከተቋቋመ ጀምሮ አባል ናት። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለመቆጣጠር ወንዶቹ ዝንቦች በጨረር መካን ተደርገው ሲለቀቁ፣ የሚሠራው ይኸው የኒውክሌር ሳይንስ ነው። የገበሬውን በሬ ከበሽታ የሚያድነውና ከተማ የሚያጠፋው ዕውቀት የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ያየነውን እናጠቃልል። የኒውክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ውል መፈረም፣ ድንበር መቆጣጠር፣ ዩራኒየም መቁጠር ሁሉም ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ዕውቀት ያለው ሰው ተርቦና ተዋርዶ ከቀረ ሌላው ሁሉ ቀዳዳ ይኖረዋል። ያን ቀዳዳ የሚደፍነው ሦስት ነገር ነው፤ የሚያኖር ገቢ፣ የሚያኮራ ሥራ፣ እንደ እኩያ የሚቀበል ባልደረባ። አንዱ ሲጎድል ሁለቱ አይበቁም።

የቀረው የባለሙያው የራሱ ኅሊና ነው። የፖላንድ ተወላጁ ጆዜፍ ሮትብላት የመጀመሪያውን የአሜሪካ ቦምብ ከሚሠሩት መካከል ነበሩ። ጀርመን ቦምብ እንደማትሠራ በ1944 መጨረሻ ሲረዱ ሥራውን ትተው ወጡ። በኋላም በአንድ የለንደን ሆስፒታል ጨረርን ለሕክምና ወደማዋል ዞሩ። በቀሪ ዕድሜያቸው የሁለቱን ጎራ ሳይንቲስቶች ለማቀራረብ ደከሙ፤ በ1995ም የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ማንም ሳይከፍላቸው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ያደረጉት ነው።

በየዩኒቨርሲቲው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ወጣቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው። የምትሠሩት ነገር በማን እጅ ለምን እንደሚውል ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ጠይቁ፤ መምህሮቻችሁንም ጠይቁ። ሀገር የምታስተዳድሩም፣ ያስተማራችሁትን ሰው ሥራና ክብር አትንፈጉት። ሳይንቲስቱን በሀገሩ ጠቃሚ አድርጎ ማኖር ከየትኛውም አጥር የበለጠ ጥበቃ ነው።

የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ተፈጸመ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)